ለኦዴድ የመረጥኩት ድንጋይ

ሰኞ፣ የካቲት 2

ከሌሊት ጀምሮ ዝናብ። ጉልበቴን ቆረጠመኝ። ሲያባራ ሹክ፣ ገበያው ድረስ፣ ወርጄ ብርቱካን ገዛሁ፣ ግማሹ የበሰበሰ። ስመለስ ጎረቤቴ ማሚቱ ነጭ ነጠላ ለብሳ በሯ ላይ ቆማለች።

«ማን ሊያጭሽ ነው፣ እንዲህ ያጌጥሽው?»

«አያ ቢራራ፣ ጥርስዎ አልቆ ምላስዎ አላለቀም!»

ጠበቃዋ ኤፍራት ዘንድ እየሄደች ነበር። አብሬያት ሄድኩ፣ ሥራ የለኝ።

ነገሩ የአራት ዓመት ነው። ኦዴድ የሚባል ፈረንጅ፣ የቁጠባ ኩባንያ ሰው፣ ሰፈራችን ሻዓራይም ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ የሽማግሌውን ሁሉ ጥሪት ሰበሰበ። «እንደ ባንክ ነው» እያለ። ኩባንያው እንደሚጠፋ እያወቀ ገንዘቡን ቁማር ላይ ጣለው። የማሚቱ ገንዘብ ሟቹ ባሏ፣ ተገኘ፣ ሃያ ዓመት ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ቆሞ ያጠራቀመው ነበር። ተገኘ ጓደኛዬ... ወገቡን የጨረሰው እዚያ ነው።

አርባ ሰው ተበላ። ኦዴድን በራሱ እጅ ጽሑፍ ቃል ያስገባችው እሷ ብቻ ናት። «ገንዘብሽ አይነካም። ኦዴድ።» ያኔ ከሁሉ የበለጠ የሳቅኩባት እኔ ነኝ።

ኤፍራት ዛሬ ምን አለች? «ኩባንያው አናውቅም ነበር ይላል። ኩባንያ ደግሞ አይታሰርም። ያወቀ ሰው ያስፈልገናል። ይህ ወረቀት ሰውየውን ይሰጠናል። ማሚቱ ከረታች አርባውም ይከተላሉ።»

ቀጠሮው ሰኔ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ማሚቱ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። «እዚያ ማን ይፈልገዋል» አልኳት። በጫማ ወረወረችኝ። ሳተችኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ኦዴድ ቤቴ መጣ! ራሱ! ክራባት አስሮ፣ የፍራፍሬ ቅርጫት ይዞ። «ሰላም አባ ቢራራ» አለኝ በአማርኛ። ማን አስተማረው?

የልጅ ልጄ ባትኤል አስተረጎመችልን። በእናንተ ባህል ጥፋተኛ ሽማግሌ ይልካል አሉኝ፣ አለ። ጥፋቴን አምኜ ከማሚቱ ጋር መታረቅ እፈልጋለሁ፣ አለ።

እዚህ እስራኤል ከገባሁ ሃያ አራት ዓመት። ባልና ሚስት ሲጣሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ዘንድ ነው የሚሄዱ። ወንድማማች ሲጣላ ፖሊስ። ሽማግሌ ብሎ የጠራኝ ማን አለ? ይኸው ፈረንጅ ጠራኝ።

ሲወጣ ባትኤል፣ አያቷን «ሳባ» ነው የምትል፣ ጮኸችብኝ። «ሳባ፣ ለምን አሁን? ወረቀቱን ፈልጎ ነው!»

«ዩኒቨርሲቲ ሽምግልና ያስተምራሉ እንዴ?» አልኳት። አኮረፈች።

ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ነገር ብዬዋለሁ። «ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚገባ፣ የተበደለው ይውረድ እስኪል።» ሳቀ። «ቤሰደር» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። ፈረንጅ ከነክራባቱ ድንጋይ ተሸክሞ ሻዓራይም መሐል... እንዴት አድርጌ እምቢ ልበል?

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ድንጋይ መረጣ። ከእኔ ጋር የሚሸመግለው ጓደኛዬ ቢሆነኝ ነው። በነስ ጺዮና መንገድ ቤት የሚሠሩበት ቦታ ሄድን።

«ይህ ይበቃዋል» ይለኛል ቢሆነኝ።

«የለም፣ ያንን!»

«ይሞትብሃል ሰውዬ!»

«ክራባቱ ያስታምመው።»

በገበያ ጋሪዬ ጎተትነው። አንድ ጎማ ተሰበረ። መንገድ ዳር ተቀምጠን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። እንዲህ የሳቅኩት መቼ ነበር?

እሑድ፣ መጋቢት 13

ታረቁ።

ኦዴድ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ የማሚቱ በር ላይ ቆመ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ካሜራ የያዘች ልጅ አብራው መጥታለች። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» አለ፣ እንዳስጠናሁት፣ ሁለት ጊዜ።

ማሚቱ ሁለት ደቂቃ አላስቆመችውም። «ኧረ ይውረድለት! የሰው ልጅ ነው!»

«ትንሽ ይቆይ እንጂ» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ካሜራዋም ብልጭ አለች።

ከዚያ ኦዴድ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት አወጣ። ማሚቱ በአውራ ጣቷ፣ እኔና ቢሆነኝ በአማርኛ ፈረምን። ገንዘቡ በሠላሳ ቀን ይመለሳል አለን፣ በአፉ፤ ይህን ያህል ዕብራይስጥ እሰማለሁ። ባትኤል የለችም። ቀኑን አልነገርኳትም፣ እንዳትበጠብጥ ብዬ።

በመጨረሻ ኦዴድ አሮጌውን ወረቀት ጠየቀ። ማሚቱ እኔን አየችኝ።

«ከታረቁ በኋላ ማስረጃ አይያዝም። ስጪው» አልኳት።

ከደረቷ አወጣችው። ላስቲኩ አልቦታል። ኦዴድ በሁለት ጣቱ ያዘው፣ እንደ ሞተ አይጥ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14

ሠላሳው ቀን ትናንት ሞላ። ስልኩን አያነሳም። ማሚቱ «ሰው ነው፣ ይረሳል» ትላለች። ለእኔ ብላ ነው እንዲህ የምትለው?

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ፍርድ ቤት ዋልን። ልጻፈው።

ኤፍራት ያቀረበችው ቀደም ብላ ያነሳችውን የወረቀቱን ፎቶ ነበር። ኩባንያው የኦዴድ ጽሑፍ አይደለም አለ። ዋናው የት አለ? የለም።

ለምስክርነት ቆምኩ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አጥፍቻለሁ ብሏል! ድንጋይ ተሸክሞ!»

የኩባንያው ጠበቃ ጨዋ ልጅ ነው። ውኃ ቀዳልኝ። በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ድንጋዩን ማን መረጠው?»

«እኔ።»

«ለምን ያን ያህል ከባድ?»

«እንዲያልበው።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ... ልማድ ነው። ምን ነበረበት አፌን ብዘጋ?

«እንግዲህ ጨዋታ ነበር» አለ ጠበቃው። የእርቁን ቀን ፎቶ ለዳኛዋ አሳየ። ኦዴድ ከነድንጋዩ፣ ከኋላው እኔ፣ ድዴ እስኪታይ እየሳቅኩ።

ቀጥሎ የእርቁን ወረቀት አነበበ። ኩባንያው ምንም ጥፋት አላመነም። ማሚቱ ከእንግዲህ ምንም አትጠይቅም። ታች ላይ ደግሞ «በቋንቋዋ ተነብቦላት ተረድታለች» የሚል አለ። ከሥሩ ፊርማዬ።

«አንብበውላታል?»

«ዕብራይስጥ አላነብም።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

 ዳኛዋ ክሱን ዘጋች። ኦዴድ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ሰላም አባ ቢራራ።»

አውቶቡስ ላይ ማሚቱ ፊት ተቀመጠች፣ እኔ ኋላ። የማስቃት ነገር ፈለግኩ። አጣሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 5

ስነሳ ድንጋዩ ደጄ ላይ። ከእሷ ግቢ እስከ እኔ በር አፈሩ ላይ የተጎተተበት መስመር አለ። በሰባ ዓመቷ... ብቻዋን?

ባትኤል «ማን ነው ያመጣው?» አለች።

እሑድ፣ ሰኔ 7

ቢሆነኝን አንሳልኝ አልኩት። አንገቴ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። አብሬህ ልቁም አላለም።

ሠላሳ እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነው። አራት ጊዜ ቆምኩ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል፣ የሚስቅ የለም።

በሯ ላይ ደረስኩ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ከፈተች። አየችኝ። ይውረድለት ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ወንበር አወጣች፣ ሳህን አወጣች፣ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ጀመር።

«ማሚቱ... ከበደኝ።»

«ራስህ ነህ የመረጥከው።»

ፈልፍላ ጨረሰች። ቅርፊቱን እግሬ ሥር አራገፈችው። ገብታ በሩን ዘጋች።

ያወረደችልኝ ባትኤል ናት፣ ከአውቶቡስ ስትወርድ አይታኝ ሮጣ። እያለቀሰች።

የባትኤል ማውረድ አይቆጠርም።