ጥንቃቄ፦ የለም

ቡታጅራ፣ ግንቦት 17

ውድ አባባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ሰላምታ አይታጠርም ብለህ ያሳደግከኝ አንተ ነህ፤ ዛሬ ግን አውቄ አሳጥሬዋለሁ። አንገትህ ላይ ባንጠለጠልካት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ፣ ከፓስፖርትህ ጀርባ፣ እኔ አትሜ የሰጠሁህ የጤና ወረቀት አለ። አውጣና ቅደደው። ለማንም ሐኪም አታሳይ። አሳይተህ ከሆነም የተጻፈው ውሸት ነው በላቸው። መርፌም ሆነ ኪኒን ከመቀበልህ በፊት የማይስማማህን በአፍህ ንገራቸው። ይህንኑ በአጭሩ ለቡድን መሪያችሁ ለናጃህ በስልክ ልኬለታለሁ፤ እስካሁን አንዲት ምልክት ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ አልደረሰውም ማለት ነው። ያንተ ስልክ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። ይህን ረጅሙን በእጄ እየጻፍኩ ነው፤ ፎቶ አንስቼ በእሱ ስልክ አስከትልልሃለሁ። ዝም ብዬ ስልኩ ላይ ማፍጠጥ አልቻልኩም።

ያለሁት ክሊኒኩ ውስጥ ነው፣ ካርድ ክፍል፣ አንተ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥክበት ወንበር ላይ። ሰው ጡረታ ሲወጣ በመስጊድና በቤቱ መካከል ይመላለሳል፤ አንተ ግን ሠላሳ ዓመት ጤና ረዳት ሆነህ ያገለገልከው አልበቃ ብሎህ እዚህ ገባህ። በሁለት ጣትህ እየለቀምክ፣ በዚያ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ ለሚያስፈልገው በሽተኛ ሁሉ «ጥንቃቄ» የምትል መስመር ጻፍክ። ይህን ሰውዬ ይህ መርፌ አይስማማውም። ይቺ ሴት ያንን ኪኒን ከዋጠች ትታፈናለች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። እኔ ያጠፋሁት ያንን መስመር ነው።

እንዴት እንደሆነ ቀለል አድርጌ ልንገርህ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገር ሰንጠረዥ አለ፣ ሰንጠረዡ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ያንተ መጻፊያ አማርኛውን ያስቀምጥ የነበረው የፈረንጅ ፊደል በሚቀመጥበት ቁጥር ላይ ነው። ፋይሉ ውስጥ ግን «የተጻፍኩት በዚህ ሰንጠረዥ ነው» የሚል ቃል የለም። ካርዱን ከድሮው ኮምፒውተር ወደ ክሊኒኩ አዲስ ሲስተም የሚያዛውረው ፕሮግራሜ ታዲያ ከየት ይወቅ? ብልጥ ነኝ ብዬ አቋራጭ ሠራሁለት። ያለበትን ኮምፒውተር «አገርህ የት ነው? ቋንቋህስ?» ብሎ ይጠይቅና ፋይሉም በዚያው የተጻፈ ነው ብሎ ይመን አልኩ። እኛ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ መስቃንኛ ይናገራል ብሎ እንደ ማመን ነው።

ወልቂጤ ቢሮዬ ባለው ላፕቶፕ ላይ ግን ሠርቶልኝ ነበር። ላፕቶፑ በእንግሊዝኛ የተስተካከለ ስለሆነ ከድሮው ኮምፒውተርህ ጋር ገጠመ። የሞከርኩትም አንተ በፈጠራ ስም በጻፍክልኝ ሃያ ካርድ ብቻ ነው። ዋናውን ገልብጬ ልውሰድ ስልህ «የበሽተኛ ገመና በፍላሽ አይዞርም» ብለህ ከለከልከኝ። አልተሳሳትክም፤ ዛሬ ቅጂ የሌለኝም ለዚህ ነው።

እዚህ ያለውን አዲሱን ኮምፒውተር ደግሞ የላብራቶሪው ሙንታሲር ላንተ ብሎ አስተካክሎታል። ለሐጅ ስንት ቀን እንደቀረህ በሂጅራ አቆጣጠር ስክሪኑ ላይ ማየት ስለፈለግክ፣ አገሩን ሳዑዲ አረቢያ፣ ቋንቋውንም ዐረብኛ አደረገልህ። ሰፍያን ከካርድ መደርደሪያዋ ጠርተህ «ነይ እዪ፣ ኮምፒውተሩም ለሐጅ ኒያ አደረገ!» ስትላት እኔም አብሬ ሳቅሁ። ፕሮግራሜ የሚጠይቀው ጥያቄ ትዝ አላለኝም። ጠየቀው፤ ሳዑዲ ነኝ አለው፤ ያንተን አማርኛ በዐረብኛ ሰንጠረዥ አነበበው። ያላወቀውን ምልክት እንዲጥል ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ሁሉንም ጣለው። ባዶ መስመር ሲያገኝ «የለም» ብሎ እንዲሞላ ያዘዝኩትም እኔው ነኝ፤ ባዶ ቦታ ለዓይን ያስጠላል ብዬ። ስምና ስልኩን ሰፍያ በእጇ እንደ አዲስ ስለመዘገበችው ካርዱ ሁሉ አምሮ ታየን። «አላውቅም» ማለት የነበረበት ካርድ «ጥንቃቄ፦ የለም» አለ።

ሳላውቅ ነው ያደረግኩት ብልህ ግማሹን ዋሸሁህ። ፕሮግራሙ ዋናውን ፋይል ከመሰረዙ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ «በ312 መስመሮች ያልታወቁ ምልክቶች አሉ፤ ልቀጥል?» ይላል። አየሁት። ያን ቀን ግን ሊሸኙህ የመጡ ዘመዶች ቤቱን ሞልተውታል፣ አክስቴ ዛህራ ሁለት ጊዜ ደውላለች፣ አንተ ደግሞ በሩ ላይ ቆመህ ለነርስ ፊልጶስ «ልጄ ናት የሠራችው» ትለዋለህ። «ቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ። ከዚያ ያንተን ካርድ ለጉዞ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ አተምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ ፕላስቲክ አልብሼ ሰጠሁህ፤ አንተም ልጄ ሠርታዋለች ብለህ ሳታነበው ቦርሳህ ውስጥ ከተትከው። የድሮውም ኮምፒውተር ለመድረሳው ከመሰጠቱ በፊት የሰው ምስጢር እንዳይቀርበት ባልከኝ መሠረት፣ ምንም እንዳይመለስ አድርጌ አጠዳሁት። ይህችን ብቻ አበጥሬ ሠርቻታለሁ።

በማግስቱ፣ ሐጅ የሚሄድ ሰው እንደሚያደርገው፣ እየዞርክ ሰውን ሁሉ አውፍ በሉኝ ብለህ ይቅርታ ጠየቅክ። ጎረቤቱን፣ ባለ ሱቁን፣ በድንበር የተጣላኸውን ሰውዬ ሳይቀር። መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ መጣህ። አባት ልጁን እንዲህ ዝቅ ብሎ ይለምናል ብዬ አስቤ አላውቅም። «ፈቲሀ፣ በልጅነትሽ መትቼሽ ይሆናል፣ ያለ ጥፋትሽ ተቆጥቼሽ ይሆናል። አውፍ በይኝ» አልከኝ። አውፍ አልኩህ። እጄን ሳትለቅ «አንቺስ? በልብሽ የያዝሽው ነገር አለ?» ብለህ ጠየቅከኝ።

ነበረ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። ብነግርህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ካርድ ሳይስተካከል እግርህን እንደማታነሳ አውቃለሁ፤ ያን ጉዞ ስንት ዓመት እንደጠበቅከውም አውቃለሁ። ይህ ሰበቤ ነው። እውነቱን ከፈለግክ ፈራሁህ። ሰው ፊት ስታሞግሰኝ የነበርክ አባቴ ዓይኔን አይተህ ምን እንደምትለኝ ፈራሁ። «ኧረ ምንም የለም አባባ» አልኩህ። ግንባሬን ስመኸኝ ሄድክ።

ሁለት ሳምንት ወልቂጤ ተቀምጬ ያን ማስጠንቀቂያ እንዳላየሁ ሆንኩ። ባጃጅ ውስጥ ትዝ ይለኛል፣ ምሳ ላይ ትዝ ይለኛል። ነገ ሰፍያ ጋ ደውዬ አንድ ሁለት ካርድ አስነብባታለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አለ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለችልኝ። «ፈቲ፣ ቶሎ ነይ» አለችኝ። «ሰው ልንገድል ነበር።»

ከቡኢ የሚመጡትን እትዬ ዘነበወርቅን ታውቃቸዋለህ። ጉሮሯቸውን አሟቸው መጡ፤ ፊልጶስ ካርዳቸውን አየ፣ «የለም» ይላል። ፔኒሲሊኑን በጥብጦ መርፌውን ይዞ ሲጠጋ ብልቃጧን አዩዋት። «ተው አንተ ልጅ! አብዱልሃፊዝ ይቺን ያየሽ ቀን ሩጪ ብሎኛል!» ብለው ያንተን ስም እየጠሩ፣ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወጡ። የፊልጶስ ፊት እስካሁን አልተመለሰም። «እኔ ካርዱን ነው ያመንኩት» ይላል፣ ደጋግሞ። እሱ ምን ያድርግ፣ ያመነው የእኔን ሥራ ነው።

ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቼ ሲስተሙን ዘጋሁት። ለክሊኒኩ ባለቤት ለዶክተር ስምዖንም ሁሉን ነገርኩት፤ የሚያደርገኝን ያድርገኝ። ፊልጶስ በካርቶን ላይ «ካርድ አትመኑ፣ ሰውን ጠይቁ» ብሎ ጽፎ መርፌ ክፍሉ በር ላይ ለጠፈ። እኔና ሰፍያ ሰዎቹን ተካፍለን መደወል ጀመርን። ሁሉም እንደ እትዬ ዘነበወርቅ አያስታውስም። «አብዱልሃፊዝን ጠይቂው፣ እሱ ያውቀዋል» ይሉኛል። የእንሴኖው ዱባለ «እኔን የማይስማማኝ የሚስቴ ንዝንዝ ነው፣ እሱን ጻፊልኝ» ብሎ ሳቀ፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ። ስልክ ያላነሳ ሰው ሁሉ በዚያች ደቂቃ የሆነ ቦታ ክንዱን አጋልጦ የተቀመጠ ይመስለኛል።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ሰፍያ ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች።

«ፈቲ፣ ያባትሽስ ወረቀት?» አለችኝ።

ከጠዋት ጀምሮ የሰው አባት፣ የሰው እናት ስቆጥር አንተን አላሰብኩህም። ፕሮግራሙ የጣለውን የሚመዘግብበት ዝርዝር አለ፤ ያኔ ብከፍተው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። አሁን ከፈትኩት። የመጀመሪያው መስመር ያንተ ነው፣ ካርድ ቁጥር አንድ። ለመለማመድ ብለህ መጀመሪያ የመዘገብከው ራስህን ነበር። «41 ምልክቶች ተጥለዋል» ይላል። አርባ አንድ። አባባ፣ ስለ ራስህ የጻፍከው ነገር ነበረ፤ ርዝመቱን አውቄዋለሁ፣ ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ሃያ ሰባት ዓመት አባባ ስልህ ኖሬ የማይስማማህን መድኃኒት አላውቅም። አገሩን ሁሉ ስትጠይቅ ኖርክ፣ አንተን የጠየቀህ ግን ከቤታችን አልነበረም።

አክስቴ ዛህራ ጋ ደወልኩ። «አንቺ የተወለድሽ ዓመት ነው» አለችኝ። «አንድ መድኃኒት ሰጥተውት ፊቱ ቀልቶ ቀልቶ አበጠ፣ ዓይኑ ጠፋ። ትንፋሹ ሊቆም ሲል ሌላ መርፌ ወግተው አተረፉት። እናትሽ ሰፈሩን በጩኸት ነው የሰበሰበችው።» መድኃኒቱ ምን እንደነበር ስጠይቃት «እኔ ምኑን አውቄ፣ እናትሽ ነበረች የምታውቀው» አለች። እማዬ ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው፤ ማንን ልጠይቅ?

ባለፈው ዓርብ ስትደውል «ሳል ብጤ ይዞኛል፣ ከሙቀቱ ነው» ብለኸኝ ነበር። ዝንጅብል ጠጣበት ብዬ ወደ ሌላ ወሬ አለፍኩ። ዛሬ ወደ ሚና የምትወጡበት ቀን ነው። በዚያ ሕዝብ መሃል ብትወድቅ የሚያነሱህ ሰዎች አያውቁህም። ቦርሳህን ይከፍታሉ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ማኅተም አለው፣ በሚያነቡት ቋንቋ ተጽፏል። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አምነው ነበር። እዚህ ቁጭ ብዬ የማላውቃቸው ሐኪሞች ሰነፎች እንዲሆኑ፣ ወረቀቱን ሳያዩት እንዲያልፉ ዱዓ እያደረግኩ ነው። እንዲህ ዓይነት ዱዓ አድርጌ አላውቅም።

በሰላም ከተመለስክልኝ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ትነግረኛለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። ብትቆጣኝ፣ ብትጮህብኝ፣ ሰው ፊት ብታዋርደኝ ደስ ይለኛል። ዝም እንዳትለኝ ብቻ

ስልኬ ጮኸ። ናጃህ ነው። የጻፈውን እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦ «አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ። ኔትወርክ አልነበረንም። አባትሽ ደህና ናቸው፣ አትስጊ። ሳሉ ስለጠናባቸው ሐኪሞቹ ጋ ወስጃቸው ነበር። ሳሉ አላናግር ስላላቸው እኔ ከአንገታቸው ወረቀቱን አውጥቼ አሳየሁላቸው፣ ብዙም ሳይጠይቁ መርፌ ሰጧቸው። አሁን ድንኳን ውስጥ ተኝተዋል። ፊታቸው ቀላና ነፋ ብሏል፣ ፀሐዩ ነው። ሲነሱ አገናኝሻለሁ።»

ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሳም። መልእክቴ አሁን ሁለት ምልክት አሳየ፤ ደርሶታል፣ ግን አልከፈተውም። ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ልልከው ነው።

ናጃህ፣ መጀመሪያ የምታየው አንተ ነህ። ከላይ ያለውን አታንብብ፣ ከዚህ ጀምር። ፀሐይ አይደለም። የተሰጠው መርፌ አልተስማማውም። ሐኪሞቹን ጥራ፣ ሩጥ፣ ወረቀቱ ውሸት ነው በላቸው፣ ጥፋቱ የልጁ ነው በላቸው። ሲነሳ አትበል፣ አትጠብቀው። አሁን ቀስቅሰው። በስሙ ጥራው፤ ካልሰማህ ነቅንቀው።

አባባ፣ ተነስ።

ልጅህ ፈቲሀ