ከደንዲ የመጣው ቡችላ

ሰኞ

ዛሬም አልጋዬ ሥር ሸና። ከትናንት ወዲህ አራተኛው ነው። ጋዜጣ አንጥፌለት ነበር፤ ጋዜጣውን ቀዳድዶ ሲሚንቶው ላይ ሸና።

ምን ነክቶኝ ነው ያመጣሁት? አባ ዓይኑ ከጠፋ፣ እማም ካረፈች በኋላ ከደንዲ እኔ ዘንድ አምቦ ካመጣሁት አምስት ወር ሆነው። አምስት ወር ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። ምሳ ሳቀርብለት ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ «በቃኝ»። አገሩ እያለ ደጁ ውሻ አጥቶ አያውቅም። እሱን አስቤ ወንድሜን ፈይሳን አንድ ቡችላ ላክልኝ አልኩት። ጊንጪ ላይ ለአውቶቡስ ረዳት ሰጥቶ በፓስታ ካርቶን ሰደደው። ከመናኸሪያ ስቀበል የካርቶኑ ሥር በስብሶ ነበር።

አባ በእጁ ዳሰሰው፤ ጆሮውን፣ ሆዱን፣ መዳፉን። «ትል አለበት» ብሎ መለሰልኝ።

ስም አውጣለት አልኩት።

«ስም የሚወጣው ለሚቆይ ነው» አለ።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰባተኛ ክፍል የፈተና ወረቀት በትኖ ጠበቀኝ። ሦስቱን በልቷቸዋል። የአንዷ ልጅ ስሟ ብቻ ተርፏል። ነገ ክፍል ገብቼ ምን እላታለሁ? የአባንም አንድ ጫማ ጀርባውን ገምጦታል።

ያከራዩኝ እትዬ ዘነበች በሬ ላይ መጥተው ቆሙ። «ጫልቱ፣ ውሻ ከሰው ጋር አንድ ቤት ያድራል እንዴ? እሑድ ማኅበሩ የሚጠጣው እኔ ቤት ነው፤ የነፍስ አባቴም ይመጣሉ። ወይ ደጅ ይልመድ ወይ ወደመጣበት ይሂድ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ደጅ አወጣሁት። እንደ ሕፃን አለቀሰ። የግቢው ተከራይ በሙሉ እንቅልፍ አጣ። መልሼ አስገባሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሲያለቅስ ከገባ ማልቀስን ነው ያስተማርኩት።

ረቡዕ

ሰዓቱን ጠብቄ ማውጣት ጀመርኩ። ጠዋት፣ ከበላ በኋላ፣ ከተኛ በኋላ። ደጅ ግማሽ ሰዓት ቆመን እንተያያለን፤ ገባ ስንል ይሸናል።

«ና» እለዋለሁ፣ ዞር አይልም። ሃያ ጊዜ ጠራሁት። ደንቆሮ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አባ ከተቀመጠበት ሆኖ፣ ቀስ ብሎ፣ «ኮቱ» አለው። ቡችላው እየተንከባለለ ሄዶ እግሩ ሥር ተቀመጠ። ለካ በኦሮምኛ «ና» የሚባል ልጅ ነው! እኔም አስተማሪ ተብዬ!

ሳቅሁ። አባ አልሳቀም፤ ግን እጁ ጀርባው ላይ ትንሽ ቆየ። የሳምንቱ ድሌ ይኸው ነው።

ሐሙስ

አባ ወደቀ።

ክፍል ውስጥ ሳለሁ እትዬ ዘነበች ደወሉ። ሽንት ቤት ሊሄድ ሲነሳ ቡችላው ከእግሩ ጋር ተጠላልፎ ነው። ሆስፒታል ስንደርስ እጁ አብጧል። አንጓው ላይ ተሰንጥቋል አሉ፤ ጀሶ አሰሩለት። ቀኝ እጁ ነው። የሚዳስስበት፣ የሚበላበት፣ ዱላ የሚይዝበት።

ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይሻለዋል ብዬ ያለውንም አሳጣሁት።

ቤት ስንገባ ቡችላው ጭራውን እየቆላ ተቀበለን። ልመታው እጄን አነሳሁ። ተገልብጦ ሆዱን ሰጠኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዓርብ

ለአባ ነገርኩት፤ ነገ ለፈይሳ ደውዬ ውሻውን እመልሰዋለሁ አልኩት። እያጎረስኩት ነበር። ማኘኩን አቆመ።

«እንግዲያው እኔንም አብረሽ መልሺኝ፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ሲለኝ ከመጣ ይኼ የመጀመሪያው ነው። «ቤቴን ያለ ዓይንም አውቀዋለሁ። በሩን፣ ምድጃውን፣ በረቱን። እዚህ ግን ግድግዳው እንኳ የማን እንደሆነ አላውቅም።»

ለፈይሳ እነግረዋለሁ አልኩት። ቡችላው ዛሬም ሦስት ጊዜ ቤት ውስጥ ሸና። አልተቆጣሁም። አቅም የለኝም።

ቅዳሜ

ለፈይሳ ደወልኩ። ድምፁ እየተቆራረጠ አልሰማ ስላለኝ ስፒከር ላይ አድርጌ ከበሩ ውጭ ቆምኩ።

አባን ላመጣልህ ነው ስለው፣ «የት ታስገቢዋለሽ?» አለኝ። «የአባ ቤት እኮ ጣሪያ የለውም። ቆርቆሮውን አንስቼ በረቱን ከደንኩበት። ባዶ ቤት ነው ብዬ ነው እኮ፣ ጫልቱ! ሚስቴም አራት ልጅ ይዛ ዓይነ ስውር መጠበቅ አልችልም ብላለች።»

ቡችላውስ አልኩት።

«እሱንም እዚያው ጣይው።»

ገብቼ ለአባ የፈይሳ ስልክ አይሠራም አልኩት። «እሺ» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሰዓት በኋላ ከባለሱቁ የጣውላ ሳጥን ለምኜ ደጅ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። ያረጀ ሹራቤን አነጠፍኩበት። ቡችላውን አስገብቼ ቤቴን ዘጋሁ። አለቀሰ። አልከፈትኩም።

እሑድ

ጠዋትም ያለቅስ ነበር። የማኅበሩ ሰዎች አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። እትዬ ዘነበች በመስኮት አዩኝ። ተሸማቀቅሁ። ውሃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ አባ ቦታው ላይ የለም።

በጀሶው ክንዱ ግድግዳውን እየታከከ ወጥቷል። ብቻውን። በድምፁ ተመርቶ ሳጥኑ ጋ ደርሶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቡችላው ዝም ብሏል። ቄሱ ሲገቡ አባ ተነስቶ መስቀል ተሳለመ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። እትዬ ዘነበች ሲያልፉ፣ «እንዲህ ዝም የሚል ከሆነ እናየዋለን» አሉኝ። መቼ ድረስ እንደሚያዩት አልነገሩኝም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አባን ላስገባው ሄድኩ። አልነሳም አለ።

«ፈይሳ ቆርቆሮውን ሲያነሳ ግድግዳውን በምን ሸፈነው?» አለኝ።

ሰምቶናል። ሁሉንም ሰምቷል።

«አልጠየቅሁትም፣ አባ።»

«ጭቃ ነው። አንድ ክረምት አይችልም።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰማዩ ከብዷል። ቡችላው ከሳጥኑ ወጥቶ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ሣሩ ላይ ሸና። ማንም አላመሰገነውም።

«እዚህ አገር ዝናቡ ከየት በኩል ነው የሚመታው?» አለ አባ።

ከበሩ በኩል ነው አልኩት።

«እንግዲያው ሳጥኑን አዙሪለት።»

አዞርኩት። አባን ይዤ ገባሁ። ራቱን አልበላም።