የፊልም መጨረሻ ለሚቆርጡልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያችን የፕሮግራም ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዲበዛ፣ በተለይም የዓይንዎ ብርሃን እንዳይጎድልብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በግል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ውድ ጊዜዎን እንዳይሻሙ ስለሠጋሁ ይህንን በአደባባይ ጽፌልዎታለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አብሮኝ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሰዓት ሠሪ ነበር። የዓይኑ ብርሃን ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ሲሄድበት፣ ሐኪሙ ማየት የሚፈልገውን ሳይውል ሳያድር እንዲያይ መከረው። ሌላው ቢሆን ባሕር ወይም ተራራ ይመርጥ ነበር፤ የእኔው ጉድ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቋንቋችን አስተርጉመው የሚያሳዩንን፣ ስማቸውን ማንም የማያውቃቸውን የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች መረጠና ወንበሩን ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ጎለተ። እርስዎ በሥራ ብዛት ሳያዩዋቸው የቀሩ ስለሚመስለኝ፣ ቢያዩዋቸው የማይቆጩባቸውን ሦስቱን በአክብሮት ልጠቁምዎ።

1ኛ. «ጥላ የሌላቸው»። ሁለት ፀሐይ ከግራና ከቀኝ እያበሩ ጥላ በሚያጠፉባት ዓለም አንደኛዋ ፀሐይ ስትከስም፣ አንዲት ልጅ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ጥላዋን አይታ መሮጥ ትጀምራለች። የት እንደደረሰች አናውቅም፤ ገና ሩጫዋ ላይ ሳለች የአንድ አዳራሽ ምረቃ ገብቶ ሪባን ተቆረጠልን። መቀሱ ግሩም እንደነበር በሙያዬ እመሰክራለሁ።

2ኛ. «የላይኛው ፎቅ ጎረቤት»። ሠሪዎቹ ገንዘብ እንዳልነበራቸው ያስታውቃል፤ ጎረቤት የተባለው ሮቦት ካርቶን የለበሰ ሰው መሆኑ ከሩቅ ይለያል። ሆኖም መርሳት የያዛቸው አሮጊት ልጃቸው መስሏቸው በዚህ ብርድ ያለ ሹራብ ለምን ወጣህ ብለው ሲቆጡት ካርቶኑ ይረሳል። ወንድሜ እንባው እስኪፈስ ነው የሳቀው። አሮጊቷ ፊቱን ሊዳስሱ እጃቸውን ሲዘረጉ የምክትልዎ የስብሰባ መክፈቻ ንግግር ገባ። እሱስ ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ስለተላለፈ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

3ኛ. «የመልስ ጉዞ»። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። በተበላሸች የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ብቻዋን የቀረች መካኒክ አየሩ እያለቀባት፣ እህቷ በሌላ መንኮራኩር ልትደርስላት ትከንፋለች። በመጨረሻ በሩ ይንኳኳል። ያንኳኳችው እህቷ ትሁን ወይም ተሰብሮ የሚንሳፈፍ ብረት ይሁን ሳይለይ የመንገድ ጽዳት ማስታወቂያ መጣ። ወንድሜ ያን ቀን አልሳቀም፤ ዓይኑ ሳይጠፋ መጨረሻውን እንዲያሳዩት እንድጽፍልዎ ለመነኝ። ጻፍኩ፤ ደገምኩ፤ ሠለስኩ። እርስዎም ፊልሙን ሁለት ጊዜ ደግመው አሳዩን፤ ሁለቱንም ጊዜ እዚያችው በር ላይ ቆረጡት። እንዲህ ያለ ጽናት በዘመናችን ብርቅ ነው።

ባለፈው ወር ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት መብራት አብሪልኝ ይለኛል፤ መብራቱ በርቷል። ድምፁን እንዲሰማ ማብሪያውን ቀጭ አደርግለታለሁ።

ሲቆርጡም ሲቀጥሉም ከፊትዎ ያልተነሳች፣ የቅዳሜ ከሰዓቶቿን በሙሉ ለክቡርነትዎ መልካም ፈቃድ ያስረከበች ትሑት ተመልካችዎ፣

የሰዓት ሠሪው እህት

ማስታወሻ፦ «የመልስ ጉዞ» በተመልካች ጥያቄ መሠረት በመጪው ቅዳሜ ሳይቆረጥ እንደሚተላለፍ ትናንት ጣቢያዎ አስታውቋል። ክቡር ሆይ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ ይቁረጡት። ዓይኑ የጠፋ ሰሞን መጨረሻውን አንዲት ደንበኛዬ ቤት በዲስክ አየሁት ብዬ፣ እህቷ ደርሳ በሩን እንደከፈተችላት ነግሬዋለሁ። እውነቱን እኔም አላውቀውም። ማስታወቂያውን አብሮኝ ስለሰማ ወንበሩን ከአሁኑ አስጠግቷል፤ ጆሮው ደግሞ ደህና ነው።