«አል»ን የዋጠው ገመድ አልባ ኪቦርድ

ለተከበሩ የፍርድ ቤታችን የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ከሁሉ በላይ ጆሮዎ ደህና ነው ወይ? እኔ ከታች በአንደኛው ችሎት የምስክር ቃል የምጽፈው ሠራተኛዎ፣ ዕረፍት ከማጣት በቀር ደህና ነኝ። ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ስላበረከቱልን በአደባባይ ላመሰግንዎ ወድጄ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ቀድሞ ፊደል ስነካ ፊደል ይመጣ ነበር። አሁን ጽፌ እጠብቃለሁ፤ ምስክሩ ሌላ ወሬ ውስጥ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ቃል ግማሽ አካሉን ጥሎ ብቅ ይላል። ማውሱንማ ስገፋው ቆሞ ያስባል፤ ከዚያ ድንገት ዘሎ ያልነካሁትን ገጽ ይዘጋብኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ምክርዎ። ባትሪ ቀይሪ አሉኝ፤ ቀየርኩ። አጥፍተሽ አብሪው አሉኝ፤ ችሎት ሙሉ ሰው እያየኝ አጥፍቼ አበራሁ። በመጨረሻ ባልደረቦቹ «ዝምታ» የሚሉት ቴክኒሻንዎ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ነገሩን አገኘው፦ የኪቦርዱን ምልክት የምትቀበለው ጥፍር የምታህል መሰኪያ፣ ከኮምፒውተሩ ብረት ሣጥን ጀርባ በሌሎች ገመዶች መሃል ታፍና ኖሯል። በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ስቦ ፊቴ አኖራት፤ ፊደሉም ከጣቴ እኩል መሮጥ ጀመረ። ደስታዬ ግን አላደረም። እርስዎ ለጉብኝት ብቅ ብለው፣ የተንጠለጠለ ገመድ የችሎቱን ውበት ያበላሻል በማለት መሰኪያዋን ወደ ጓዳዋ አስመለሷት። ውበት ስለሚገባዎ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውን ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኝ ሁለት ሦስቴ ተነሥቻለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ቃላቸውን ሊሰጡ ቀረቡ። ልጃቸው ግንበኛ ነበር፤ ከፎቅ ወድቆ ሞቷል። ክርክሩ አሠሪው የደህንነት ቀበቶ ሰጥቶታል ወይስ አልሰጠውም የሚል ነው። እናቲቱ መናገር ሲጀምሩ ስክሪኔ ላይ ምንም አልመጣም። እጄን አነሣሁ፤ ዳኛዋም «እናቴ፣ እባክዎ ይድገሙልን» አሏቸው። ደገሙ። ፊደሉ ተንጠባጥቦ ቆመ፤ እጄን እንደገና አነሣሁ። ይሄኔ እናቲቱ ዳኛዋን ትተው ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ ስንት ጊዜ ከፎቅ ልጣለው?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እጄን ማንሣት አፈርኩ፤ ፊደሉ ቢመጣም ባይመጣም ዝም ብዬ ጻፍኩ። ቃላቸው ሲነበብላቸው «ቀበቶ አልሰጡትም» ያሉት «ቀበቶ ሰጡትም» ሆኖ ቁጭ ብሏል። ኪቦርድዎ «አል»ን ውጦ አፉን ጠርጓል። የአሠሪው ጠበቃ ወዲያው ተነሥተው የተጻፈው ይጽናልኝ አሉ። እኔ ግን ማንም ሳይፈቅድልኝ ብድግ ብዬ፣ «ክብርት ዳኛ፣ አልሰጡትም ነው ያሉት፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩ። የጸሐፊ ሥራ መጻፍ እንጂ መናገር እንዳልሆነ አላጣሁትም። ዳኛዋ ችሎቱ ሲካሄድ የሚቀዳውን የድምፅ ቅጂ አስከፈቱ፤ «አልሰጡትም» የሚለው ቃል ጥርት ብሎ ተሰማ። ተስተካክሎም ተፈረመ።

እናቲቱ ተረፉ፤ እኔን ግን ይኸው ወንበሩ አላስቀምጥ ብሎኛል። ከእሳቸው በፊት የመጡት ምስክሮችስ? ቃሉ ሲነበብለት ደክሞት፣ ወይም ፈርቶ፣ ራሱን ነቅንቆ የፈረመ ስንት ሰው ይኖር ይሆን? የድሮ ቅጂዎችን በምሳ ሰዓቴ አንድ በአንድ እያዳመጥኩ ከጽሑፉ ጋር አስተያያለሁ፤ ዳኛዋም ፈቅደውልኛል። እስካሁን ሁለት ስሕተት አግኝቻለሁ። ስለ አዲሱ ሥራዬም እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ።

የምለምንዎ ያችን አጭር ገመድ ብቻ ነው። ዓይንዎን ከቆረቆረችዎ በሚወዱት ቀለም ያስቀቧት።

የችሎትዎን ውበት ያላደነቅሁ፣ ሥራዬን ብቻ የማውቅ፣ ከላይ ሲያዩኝ የማልታይ፣ በፍጹም አክብሮት እጅ የምነሣ፣
የአንደኛ ችሎት ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ እናቲቱ ሲወጡ፣ ያን ዕቃ ለችሎቱ የመረጠው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ነው ብላቸው፣ ፎቅ መውጣት ትቻለሁ አሉኝ። ስለዚህ በቀጣዩ ቀጠሮ እርስዎ ይውረዱላቸው።