ዘይት የጠጡ ብሎኖች

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ምሳ ሮላንድ ቤት። የአተር ሾርባው ጨው በዝቶበታል... ቢሆንም ጨረስኩት። ታናሽ ወንድሜ ሃምሳ አራት ዓመት ሞላው፤ ጨው የሚመጥነው አሁንም በእፍኝ ነው።

ወሬው ሁሉ ስለ ቀረጥ። “ከወንዙ ማዶ፣ አሜሪካ ያለው ሰውዬ ቀረጥ ከጫነብን የኛ ፋብሪካ ሦስት ወር አይቆይም” አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና በር ላሜራ ሲቀርጽ ኖሯል፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ሊቀመንበር ነው። ስድስት ትልልቅ ማሽኖች፣ አራት መቶ ሰው።

“ታዲያ አንቺ በጋዜጣሽ ምን ልትዪ ነው?”

“ሁልጊዜ የምለውን።”

“እሱን ነው የፈራሁት” ብሎ ሳቀ።

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ቀረጡ ዛሬ ሥራ ላይ ዋለ። ሱቅ ውስጥ የአሜሪካ ብርቱካን የነካ ሰው አላየሁም። ገንዘብ ተቀባይዋ ደረቷ ላይ የካናዳ ባንዲራ ለጥፋለች። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ?

ፋብሪካውም የግድግዳውን ግማሽ የሚሸፍን ባንዲራ ሰቅሏል። ባለቤቶቹ አንድም ቀን እዚህ ዊንዘር አድረው አያውቁም። በአንድ ጊዜ እንዲህ ወደዱን?

ሐሙስ፣ ማርች 13

ሮላንድ ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ ገባ። እናታችን ብትኖር በመጥረጊያ ታባርረው ነበር።

መንግሥት ለፋብሪካው አርባ ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ሊሰጥ አስቧል። “ሰሞኑን ይወስናሉ። አንድ ደህና ጽሑፍ ጻፊልን።”

“እጽፋለሁ። ግን ማሽኖቹን ከዚህ ላያነሱ ይፈርሙ እላለሁ።”

“እሷን መስመር ተያት፣ ኮሪን! ሥራ አስኪያጁ ስቶዳርት ‘ቅድመ ሁኔታ የሚባል ከመጣ ባለቤቶቹ ይቀየማሉ’ ብሎኛል። አንድ ቀን እንኳ ከሰው ጋር ቁሚ።”

“ሰው ማነው?”

“እኔ!”

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፍኩት ያችኑ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ያለ ውል አይሰጥም። “ወይዘሮ ውል መጣች” እያሉ ይቀልዱብኛል። ግን በውሉ ተቀይመው ፋብሪካውን ቢዘጉስ? ወንድሜስ በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል?

ዓርብ፣ ማርች 14

የውሏን መስመር ሰረዝኳት። ጽሑፉን ልኬዋለሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 26

ገንዘቡ ተፈቀደ። ያለ ምንም ውል። ከዋና ከተማ የመጡት ባለሥልጣን ከጽሑፌ ሁለት መስመር በማይክሮፎን አነበቡ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ሮላንድ አጥንቴ እስኪንቋቋ አቀፈኝ። አዘጋጄ ሙሪየል “ይኸው፣ በስተርጅና ሰው ወደደሽ” አለችኝ።

ቤት ገብቼ የሰረዝኳትን መስመር ደግሜ አነበብኳት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ሮላንድ ደስ ብሎት ደወለ። ከውጭ ሦስት መሐንዲሶች መጥተዋል፤ ለጥገና ብለው የማሽኖቹን የመሠረት ብሎኖች በየቀኑ ዘይት ያስቀቧቸዋል። “የኛ ልጆች እንዴት እንደሠሩት ብታዪ! ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው... ፊትሽን ታዪበታለሽ።”

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24

ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ሽማግሌውን ላዝሎን አገኘሁት። ያኔ ማሽኖቹን የተከለው መካኒክ እሱ ነው። ያስቃል ብዬ የብሎኖቹን ነገር ነገርኩት። አልሳቀም።

“ስንት ቀን ቀቡት?”

“ሁለት ሳምንት መሰለኝ።”

“ልጄ፣ እነዚያን ብሎኖች ያጠበቅኳቸው በዚህ እጄ ነው። ዘይት ነክቷቸው አያውቅም። ማሽን እንዲሠራ የሚቀባው ከላይ ነው። ከሥር የምትቀቢው ልትፈቺው ስትፈልጊ ነው።”

ቤት እንደገባሁ ሮላንድ ጋ ደወልኩ። “ላዝሎ ጃጅቷል!” ብሎ ጮኸብኝ። “ስቶዳርት ዓይኔን እያየ ለጥገና ነው ብሎኛል!” ዘጋው።

እኔ ግን ላዝሎን አመንኩት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

ስቶዳርት ለጥያቄዬ መልስ ላከ። “ለከተማዋ ያለን ፍቅር አይለወጥም።” ማሽኖቹ ይቆያሉ ወይ ብዬ ነበር የጠየቅኩት...

ለሙሪየል ጽሑፍ ይዤ ሄድኩ።

“ማስረጃሽ ምንድነው?”

“ዘይት።”

“ኮሪን፣ በዘይት ፍርድ ቤት ልታቆሚኝ ነው?”

አላተመችውም። አልፈረድኩባትም። ትክክለኛው ጊዜ ማርች ነበር።

ሰኞ፣ ጁን 9

ወሬው ወጣ። ፋብሪካው በር ላይ አንድ ገጽ ተለጠፈ። ስድስቱም ማሽኖች ወደ ኦሃዮ፣ “በቀረጡ ምክንያት”። አርባ ሚሊዮኑስ? የፈረሙት ነገር የለማ፤ ምን ያስመልሳቸዋል?

ከተማው ማዶ ያለውን ሰውዬ ይራገማል። እውነት ነው፣ ቀረጡን የጫነው እሱ ነው። ብሎኑን ያስቀባው ግን እሱ አይደለም። ያችን መስመር የሰረዘው ደግሞ እኔ ነኝ። አፈርኩ። ሱቅ መሄድ ፈራሁ።

ሮላንድ ስልክ አያነሳም።

ዓርብ፣ ጁን 13

ሠራተኞቹ በሩን ዘግተው ሲቆሙ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ አወጣ። አንድ የማኅበሩ አባል መኪና ካገደ ማኅበሩ በሙሉ ይቀጣል፣ የስንብት ክፍያቸውም ይያዛል። ሮላንድን ከሩቅ አየሁት። አንገቱን ደፋ።

ማክሰኞ፣ ጁን 17

ጉልበቴ ያመኛል። ቢሆንም ዛሬን ልጻፈው።

ላዝሎ ሁለት ቀን ይፈጃል ያለው ብሎን በአርባ ደቂቃ ተፈታ። ልጆቹ በደንብ ቀብተውታል። የመጀመሪያው ማሽን ተጭኖ ብቅ ሲል ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለ። እኔ መንገዱ መሀል ቀረሁ። አስቤበት አይደለም።

ሮላንድ ሮጦ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። “ነይ ውጪ! ሰዉን ባዶ እጁን ልታስቀሪው ነው?”

“እኔ የማኅበሩ አባል አይደለሁም። ትእዛዙ አይነካኝም።”

“አይነካሽም?” አለኝ። ከዚያ ለቀቀኝ።

ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። ሁለት ወጣት ፖሊሶች “ይቅርታ፣ እትዬ” እያሉ አንስተው ዳር አስቀመጡኝ። መኪናው አለፈ። ነገም ከመጣሽ እናስርሻለን ብለዋል።

ከሰዓት ሮላንድ መጣ። ወንበር ስስብለት አልተቀመጠም።

“ወጣሁ” አለኝ።

“ከየት?”

“ከማኅበሩ። ከሊቀመንበርነቱም፣ ከአባልነቱም። የስንብት ክፍያዬም ቀረ። ደብዳቤውን አስገብቼ ነው የመጣሁት። አሁን ትእዛዙ እኔንም አይነካኝም።”

አምስት ማሽኖች ቀርተዋል። ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መጥቶ ወደ ፋብሪካው በር ይወስደኛል።

ፈርቻለሁ።