ምሰሶው የአንዱ፣ ሽቦው የሌላው

ይድረስ ለተከበሩ የመብራት ኃይል መልሶ ማደራጃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎ ከነመላ ቤተሰብዎ፣ ከነቢሮዎ ጄኔሬተር ጭምር እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የማይቆራረጥ ይሁን። እኛም ደህና ነን ብዬ እንዳልዋሽዎ፣ እናቴ ደህና አይደለችም።

ስለ ለውጡ «ቁልፍ ቃላት» የሚያስረዳውን ውብ መጽሔት በየቤታችን ስላደሉን ከልብ አመሰግናለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው አምፖል ቦግ ብሎ ይበራል፤ በእኛ ቤት የሚበራውም እሱ ብቻ ነው። ካነበብኩት በኋላ ያልገቡኝን ነገሮች በትሕትና እዘረዝራለሁ።

1ኛ. «መነጣጠል» ማለት አንዱ ግዙፍ ድርጅት አመንጪ፣ አስተላላፊና አከፋፋይ ተብሎ ለሦስት መከፈሉ እንደሆነ ተረድቻለሁ። ንብረት ሲካፈሉ ታዲያ በራችን ላይ ያለው ምሰሶ ለአስተላላፊው፣ ሽቦው ለአከፋፋዩ ደረሰ። አስተላላፊዎቹ መጥተው ምሰሶአቸውን ቀለም ቀቡት፤ አከፋፋዮቹ ደግሞ ንብረታችን በሰው ምሰሶ ላይ አይንጠለጠልም ብለው ሽቦአቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ምሰሶው፣ እውነት ለመናገር፣ አምሮበታል።

2ኛ. «ተጠያቂነት» የሚለውን ቃል ይዤ ሦስቱንም ቢሮዎች ዞርኩ። አከፋፋዩ ምሰሶ አምጪ አለኝ፤ አስተላላፊው ምሰሶሽ ቀጥ ብሎ ቆሞ የለም ወይ ብሎ ተገረመ፤ አመንጪው ዘንድ ያገኘሁት ትሑት ሰው ደግሞ ኃይሉ እኛ ጋ ሞልቶ ተርፏል ብሎ አበሰረኝ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል ነበር፤ እናንተ ሦስት ተክላችሁልን መንጠልጠያ አጣን።

3ኛ. እናቴ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑ ሲቆም ከንፈሯ ይጠቁራል፣ እኔም እፈራለሁ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምገልጽበት ቃል መጽሔትዎ ውስጥ አላገኘሁም። እግዚአብሔር ይስጠውና፣ ፊት ለፊታችን ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ በእሱ በኩል ምሰሶውም ሽቦውም ለአንድ ድርጅት ስለደረሱ መብራት አለውና፣ እኔ እያለሁ እትዬ ትንፋሽ አያጥራቸውም ብሎ ከሱቁ እስከ መስኮታችን የኤሌክትሪክ ገመድ ዘረጋልን። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ገመዱን የነካው እየመሰለኝ የምሰፋውን ጥዬ መስኮቱ ላይ እሰቀላለሁ፤ በዚህ ምክንያት የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቻለሁ።

4ኛ. ትናንት ባለሙያዎችዎ መጥተው ጎረቤቴን «ያለ ፈቃድ ኃይል በማከፋፈል» አስጠነቀቁት፤ ገመዱም ሰኞ ይቆረጣል ተባለ። መጽሔትዎ «ውድድር» ማለት ለደንበኛው የተሻለ አገልግሎት ሰጥቶ መገኘት ነው ይላል። በዚህ አተረጓጎም በመንገዳችን የተገኘው ብቸኛ ተወዳዳሪያችሁ አንድ ፀጉር አስተካካይ መሆኑን ስገልጽልዎ ክብር ይሰማኛል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ገመዱ ከመቆረጡ በፊት ሽቦው ይመለስልን።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለሦስቱም ድርጅቶችዎ እኩል ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

አክባሪዎ፣
ባለ ቀለሙ ምሰሶ አጠገብ፣ ሁለተኛ ፎቅ የምትሠራው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ሽቦው ሳይመለስ ገመዱ የሚቆረጥ ከሆነ እናቴን ወደ ፀጉር ቤቱ ማውረድ ግድ ይሆንብናል። ስለዚህ ሰኞ ከሦስቱም ድርጅቶች አንድ አንድ ሰው ቢልኩልን፤ አንዱ ወንበሯን ይሸከማል፣ አንዱ ማሽኑን ይይዛል፣ ሦስተኛው ትንፋሿን ያዳምጣል። ትንፋሿ ከቆመ ደግሞ ጉዳዩ የትኛውን ድርጅት እንደሚመለከት እዚያው ደረጃው ላይ ይነጋገሩበት።