አንድ ሰዓት ላይ የተነሳው ጀልባ

ውድ ኢየሩሳሌም፣

ይህን ወረቀት እጅሽ ላይ ያስቀመጠችው ሴት ሊና ናት። ልጃችን። ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ነርስ ናት። መጀመሪያ እሷን እቀፊያት፤ የእኔ ወረቀት ይቆይ።

አሁን የምታነቢ ከሆነ፣ ጸሐፊው ሰረቀብርሃን ነኝ። ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ ነው የምጽፍልሽ።

አሰብ ዋናው መንገድ ላይ፣ ባለ ቅስቱ አሮጌ ሕንጻ ሥር የነበረችንን ስፌት ቤት አንድም ቀን ረስቻት አላውቅም። አንቺ የመርከበኞቹን ወገብ ስትለኪ እኔ በስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሬ እቀና ነበር፤ አልነገርኩሽም እንጂ። ሊና ከእግሬ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ትተኛለች። ፀሐዩ ሲበርድ ባለሱቆቹ በየደጃቸው ውሃ ይረጫሉ፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ለብሶ ይወጣና መንገዱን ይዞ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ሌላ ሀብት አልነበረንም፤ ግን ደስተኞች ነበርን።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አንቺ የዚያው አገር ልጅ ነሽ፣ እኔ የጎንደር ሰው። ከሚወጡት ኢትዮጵያውያን ጋር በጀልባ ጅቡቲ እንድንሻገር ተስማማን። በዋዜማው ምሳ ላይ ታላቅ ወንድምሽ «ሊና የእኛ ልጅ ናት፤ የትም አትሄድም» አለ። ዓይንሽን ፈለግኩት። አንቺ ሳህንሽን ታዪ ነበር። እሱ ሲወጣ «ነገ እናቴን ተሰናብቼ ሦስት ሰዓት ላይ ወደቡ በር እመጣለሁ፤ ልጅቷን ይዘህ ጠብቀኝ» አልሽኝ። እሺ አልኩ። በልቤ ግን ከወንድሞችሽ ጋር መጥተሽ የምትወስጃት መሰለኝ።

አንድ ሰዓት ላይ የሚነሳ ጀልባ ነበር። ሊናን አቅፌ ተሳፈርኩ። ገመዱ ገና እየተፈታ ነው፤ መውረድ እችል ነበር። ዞሬ መንገዳችንን አየሁት፤ ሱቆቹ እንደተዘጉ ናቸው፣ አንድም ሰው የለም። ሊና ታለቅሳለች። ባሕረኛው «እናቷ የት ናት?» አለኝ።

«ሞታለች» አልኩት።

እዚህ ስንገባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስለዚያ መንገድ እንዳወራላት ትወድ ነበር፤ ስለ ቅስቶቹ፣ ስለ በረዶ ሻጮቹ፣ መንገዱ ሲያልቅ ስለሚጠብቅሽ ባሕር። ሁሌም የምጨርሰው ግን «እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቅናት፤ አልመጣችም» ብዬ ነው። አንድ ቀን ሆፕኪንስ የነበርንበት አፓርታማ መስኮት ላይ ግንባሯን አስደግፋ «ስሜን ረስታው ይሆን?» አለችኝ። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ሊና ለሥራ ብሩክሊን ፓርክ የሚባል ከተማ ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ሄደች፤ የደም ግፊት ልትለካ። አሮጊቷ ባየሽ ናት፤ ከሱቃችን ፊት ለፊት በረዶ ትሸጥ የነበረችው ባየሽ። ገና ፊቷን ስታይ «አንቺ የኢየሩሳሌም ልጅ ነሽ» አለቻት።

ፍሪድሊ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ሊና ፓርኪንጉ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። በዚያ ብርድ ኮቷን እንኳ አልቆለፈችም።

«ዳዲ፣ ስንት ሰዓት ነው የወጣነው?»

«ሊና፣ መኪና ውስጥ ግቢና...»

«ስንት ሰዓት?»

«አንድ ሰዓት።»

«እሷ ሁለት ተኩል ላይ ነው የመጣችው። ብቻዋን! ሻንጣ ይዛ፣ የእኔን ብርድ ልብስ ይዛ! ከወደቡ እስከ መንገዱ መጨረሻ እየሮጠች የሱቁን በር ሁሉ ደበደበች፤ አንዱ ቤት ገብተን የተቀመጥን መስሏት። ባየሽ ናት ከመሬት ያነሳቻት።» ከዚያ በእንግሊዝኛ የቀረውን ተናገረችኝ። እሱን መድገም አልችልም።

ብቻሽን። ሻንጣ ይዘሽ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ራሴን ሳጽናና የኖርኩት ልትወስጃት ነበር እያልኩ ነው። አሁን የምይዘው የለኝም። ምግብ አፌ ውስጥ አፈር ይሆናል።

ሁለት ወር አላነጋገረችኝም። ባለፈው እሑድ መጣችና ከአሰብ ለባየሽ የተላከላትን ቪዲዮ በስልኳ አሳየችኝ። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ቅስቶቹ ቀለማቸው ተልጧል፣ ፍየሎች መሐሉን ይዘው ያልፋሉ። የእኛ ሱቅ በር ብቻ ክፍት ነው፤ ደፉ ላይ ፀጉሯ የነጣ ሴት ተቀምጣለች።

«ሰፈር ቀይሪ ሲሏት እምቢ ትላለች አሉ» አለችኝ ሊና። «ልጄ ከመጣች ከዚህ መንገድ ሌላ የት ታገኘኛለች? እያለች።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ትኬት ቡክ አድርጌአለሁ» አለች። «እኔ አልነግራትም። አንተ ራስህ ጻፍላት።»

ነገ ትበራለች። የምትመለስበትን ቀን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ባትመለስ አልፈርድባትም። ይቅር በይኝም አልልሽም፤ ይቅርታሽን የምቀበልበት እጅ የለኝም።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ሊና አማርኛ ትሰማለች እንጂ ማንበብ አላስተማርኳትም። ቅድም «ሁሉንም ጻፍከው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። አላመነችኝም፤ ምን ታድርግ። ስለዚህ አጠገብሽ አስቀምጫትና ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ለእኔ አዝነሽ አንድም መስመር እንዳታልፊ።

ሰረቀብርሃን